ሽማግሌዎቹ በጥቁር ታርጋ የሄዱ ዕለት

ቤቴ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውም፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም፣ ወደ ቻግኒ ለመታጠፍ ቀስ የሚለውም መኪና በፊቴ ያልፋል። በረንዳዬ ላይ የቀርከሃ ወንበር፣ መደርደሪያና የሕፃን አልጋ እሸጣለሁ። ባለሙያዎቹ ሠርተው ያመጡልኛል፤ የእኔ ሥራ መቀመጥና ዋጋ መናገር ነው። ብዙ ወሬ ስለማይጠይቅ ይስማማኛል። ከተማዋን ወጣቶቹ እንጅባራ ይሏታል፤ እኔና እኩዮቼ አሁንም ቆሰበር ማለት ይቀናናል።

መኪና ከበረንዳዬ አጠገብ ሲቆም መጀመሪያ የማየው ታርጋውን ነው፤ የሰውየው ፊት ቀጥሎ ይደርሳል። ጽሑፉ ሰማያዊ ሆኖ «አአ» የሚል ከሆነ ከአዲስ አበባ የመጣ የግል መኪና ነው። ባልየው በዋጋ ይከራከራል፣ ሚስትየዋ ግን ወንበሩን ወዳዋለች፣ ስለዚህ ይገዛሉ። አረንጓዴ ሆኖ «ኢት» የሚል ከሆነ ሲሚንቶና ብረት ጭኖ በቻግኒ በኩል ወደ ቆላው የሚወርድ ከባድ መኪና ነው። ሹፌሩ ሲሄድ ዋጋ ይጠይቃል፤ ሲመለስ ባዶውን ስለሆነ መደርደሪያ ጭኖ ይሄዳል። ቀይ ከሆነ ታክሲ ወይም ባጃጅ ነው፤ ባለ ባጃጅ ገዝቶኝ ባያውቅም ወሬ ያመጣልኛል። ብርቱካናማ ከሆነ የእርዳታ ድርጅት ወይም የማኅበር ነው። ደረሰኝ ይጠይቁኛል፣ የለኝም እላለሁ፣ በሰላም እንለያያለን። ጥቁር ከሆነ የመንግሥት ነው። የጥቁር ታርጋ ሰዎች ወርደው ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ወደ ኋላ ደገፍ ብለው ይሞክሩታል፣ «ጥሩ ሥራ ነው፣ በርቱ» ይሉኛል፣ ከዚያ ይሄዳሉ።

ታርጋ ማንበብ ያስለመደኝ ባለቤቴ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ታርጋ የሚለው ቃል ከጣሊያን አፍ የቀረ ነው ይለኝ ነበር። በመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ይሉታል፤ መንገድ ላይ ግን ሰሌዳ ሲል የሰማሁት ሹፌር የለም።

እርግጥ ከእሱ በፊትም ጥቂት አውቅ ነበር። ዳንግላ ተማሪ ሳለሁ መኪና ብርቅ ነው። አንዱ ሲቆም ተሯሩጠን እንከበውና ታርጋውን ጮክ ብለን እናነባለን። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ መጀመሪያ ያነበብኩት ጽሑፍ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ እንደማስታውሰው ታርጋው ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ስም ነበር። የጎጃም ሲሆን አንብበን ዝም እንላለን። የሌላ አገር ሲሆን ግን ሹፌሩን ራሱን አተኩረን እናየዋለን፤ ሩቅ አገር የኖረ ሰው ፊቱ ላይ የሚለይበት ነገር ያለው ይመስለን ነበር።

ጠቅላይ ግዛት ቀርቶ ክፍለ ሀገር ሲባል ታርጋው ተቀየረ። ክፍለ ሀገር ቀርቶ ክልል ሲመጣ ደግሞ እንደገና ተቀየረ፤ «አማ» የሚሉት ሁለት ፊደላት መጡ። ከጎናቸው በክብ ውስጥ አንድ ቁጥር ተጻፈ፣ ኮድ ተባለ። አንድ ለታክሲ፣ ሁለት ለግል፣ ሦስት ለንግድ፣ አራት ለመንግሥት እያለ ይሄዳል፤ ቀለሙም በዚያው ይለያያል። ባለቤቴ በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት መኪና ብቻ ነው የነዳ። አዲስ ታርጋ ሲወጣ በራችን ላይ ያቆማትና አሮጌውን ይፈታል። እኔ ብሎኖቹን በመዳፌ ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። አዲሱን አስሮ ሲጨርስ ራቅ ብሎ ያያትና «እሷ እንደሆነች ያችው ናት፣ ልብሷን ነው የቀየሩላት» ይላል።

ሲሞት መኪናዋን ሸጥናት። የመጨረሻ ታርጋዋን ቁጥር እስካሁን አልረሳሁትም።

አሁን የምጽፈው ነገር የሆነው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ባጃጅ ከተማችንን መሙላት በጀመረበት ሰሞን ነው። የመጨረሻ ልጄ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ዝምተኛ ነው፤ ከማን እንደወረሰው አይጠፋኝም። ስለ ትዳር ባነሳሁ ቁጥር «ቆይ እማዬ» እያለ ቆየ። አንድ ማታ ራት በልተን ስንጨርስ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

«እማዬ፣ አንድ ሰው አለች» አለኝ።

«ሰው መሆኗ ጥሩ ነው» አልኩት።

«ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራ። ነርስ ናት። ቤተሰቦቿ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው።»

«እና?»

«ሽማግሌ ይላክልኝ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ የሚያስቸኩልበትን ምክንያት ነገረኝ። ልጅቷን ለወንድ ልጃቸው የሚፈልጉ ሰዎች ከዳንግላ አስቀድመው ልከዋል። እህል ነጋዴዎች ናቸው፣ ደህና ቤተሰብ ናቸው ይባላል። አባቷ ወዲያው አልመለሰላቸውም። ልጅቷ ለእናቷ የልቧን ስለነገረች አባትየው «እሺ፣ የሚመጡ ካሉ መጀመሪያ እነሱን እሰማለሁ፤ ለዳንግሎቹ ከመጪው በኋላ ባለው እሁድ መልስ እሰጣለሁ» ብሏል። ልጄ ይህን ሁሉ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ነው የነገረኝ። ሲጨርስ «እሷ ካልሆነች ሌላ ፈልጊልኝ ብዬ አላስቸግርሽም» አለ። ይህን ያህል ንግግር ከእሱ በአንድ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹን መረጥኩ። አንደኛው የባለቤቴ የቆየ ጓደኛ ነበር፤ ከከተማው ጫፍ ያርሳል፣ ፈረስ ይወዳል፣ በዕድሜም በንግግርም እሱ ይቀድማል። ሁለተኛው ጡረታ የወጣ መምህር፣ ጎረቤቴ ነው። ሦስተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። በመጪው እሁድ ጠዋት እንዲሄዱ ተቀጠረ። ልጅቷም ለቤተሰቧ ዕለቱን አስታወቀች።

እኔ ሁለት ባጃጅ ላነጋግር አስቤ ነበር። ወንድሜ ሰምቶ ተቆጣ።

«ሽማግሌ እንደ ሽንኩርት በባጃጅ ታጭቆ? እኔ ቁሜ? እታለም፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ምን ይላል?»

«ሹፌር ወንድም እያላት ይላል! አለቃዬን አስፈቅጃለሁ፣ መኪናውን ይዤ እመጣለሁ። ልጅ የሚጠይቅ ሰው ተከብሮ ነው የሚሄድ።»

እሁድ ማለዳ ባለ ሁለት ጋቢናዋን ፒክአፕ አምጥቶ በረንዳዬ ፊት አቆማት። ታጥባ ታበራለች። «ታርጋዋን ሳይቀር በሳሙና አሸኋት» አለኝ። አየሁት። ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆኗል። ደስ አለኝ። ሦስቱም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ፤ መምህሩ ጥቁር ጃንጥላውን ይዟል። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ መኪናዋ እስክትታጠፍ በዓይኑ ተከተላት፤ ከዚያ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ጊዜ ይወስዳል። ሽማግሌዎች ቆመው ይለምናሉ፣ አባት ያስቆማቸዋል፣ ይመካከራል፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ ብዬ ምሳ ለዚያ ሰዓት አሰናድቼ ነበር። ገና ረፋዱ ላይ ፒክአፗ መጥታ ቆመች። ከፊት ወንበር የወረደው ባለ ፈረሱ ሽማግሌ ሰላም ሳይለኝ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ቻግኒ ሄዷል ተባልን» አለኝ።

«ማን?»

«የልጅቷ አባት። ሰው ሽማግሌ እንደሚመጣ እያወቀ ቻግኒ ከሄደ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሸሽቶኝ አያውቅም።»

መምህሩ ጃንጥላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ «አልሰጥም ማለት የአባት መብት ነው፣ ግን ቆሞ ይበለን ነበር» አለ። ወንድሜ ከሁሉም የባሰ ተናዷል። «እንደዚያ አጥቤያት!» ይላል ደጋግሞ።

ቀስ እያልኩ ጠየቅኳቸው። ከአስፋልቱ ወጥተው በእግር መንገዱ አፍ ላይ መኪናዋን አቁመው ወረዱ። ገና ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ሣር የተሸከመች አንዲት ሴት መጣችባቸው። ምንም ሳይጠይቋት ወደ ልጅቷ አባት ቤት እየጠቆመች ለሽማግሌው በአገውኛ «የዚያ ቤት ሰውዬ ቻግኒ ሄዷል፣ ዛሬም ነገም አይመጣም» አለችው። እነሱም ጉዳያቸውን አልነገሯትም፤ የሽማግሌ ጉዳይ መንገድ ላይ አይነገርም። «እሺ እህቴ» ብለው ተመለሱ።

«ከየት መጣችሁ አላለቻችሁም?» አልኩ።

«አላለችም።»

«ደህና ዋላችሁ?»

ሽማግሌው ትንሽ አሰበ። «እሱንም አላለችም» አለ።

ይህ ነገር አልተዋጠልኝም። በእኛ አገር መንገድ ላይ ያገኘችውን እንግዳ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ሳትጠይቅ የምታሳልፍ ሴት አላውቅም። ግን ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ምሳውን አቀረብኩ። ማንም በደንብ አልበላም። ልጄ ሥራ ክፍሉ ውስጥ ያንኑ አንድ ሬዲዮ ሲፈታና ሲገጥም ዋለ። ባለ ሬዲዮው ማታ መጥቶ «ተሠራ?» ሲለው «መጀመሪያም ደህና ነበር» ብሎ ሰጠው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ በረንዳዬ ላይ ቆመች። ነጭ ጋውኗን አጥፋ ክንዷ ላይ አድርጋለች። አይቻት ባላውቅም ማን እንደሆነች ገባኝ። ወንበሮቹን እንደምትገዛ ሰው አንዱን ነካ አደረገች።

«ይህ ስንት ነው፣ እማማ?»

«ለመቀመጥ ከሆነ በነፃ ነው» አልኳት።

ተቀመጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ እዚህ መምጣት አልነበረብኝም» አለች።

«መጣሽ እኮ። ተናገሪ።»

«ሽማግሌዎቹ ለምን እንደቀሩ ልጠይቅዎ ነው። አባቴ አዲስ ጋቢውን ለብሶ ከጠዋት ጀምሮ ጠበቀ። እናቴ ጠላውን ጠምቃ፣ ጎረቤት ጠርታ... ማንም አልመጣም። አባቴ 'ሰው ጠብቅ ብሎ ይቀራል? ዳንግሎቹ ይሻላሉ፣ በቀጠሯቸው ይመጣሉ' አለ። እኔ ምን ልበለው?»

«አባትሽ የት ሆኖ ነው የጠበቀ?»

«ቤት ነዋ።»

«ቀኑን ሙሉ ቤት?»

ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። «ትንሽ ጊዜ ወደ ግራሩ ሄዶ ነበር» አለች። ግራር ያለችው በእኛ በኩል ገበሬው ለከሰል የሚተክለውን፣ ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድገውን ዛፍ ነው።

«አዲስ ጋቢ ለብሶ ወደ ግራር ምን ሊያደርግ?»

«የመንግሥት መኪና መጥቶ ነበር።»

ጥርሴን ነክሼ ነው ሳቄን የያዝኩት። «ጥቁር ታርጋ?» አልኳት።

«ጥቁር ታርጋ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው እማማ» አለችና ነገሩን ዘረገፈችው። አባቷ ድንች ያለማል። አንድ ዓመት ምርቱ አማረና ሞዴል አርሶ አደር ተባለ፣ ምስክር ወረቀት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለውም። በጥቁር ታርጋ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ለልምድ ልውውጥ ወደ እሱ ማሳ ይመራል። ድንቹን ገና ሳይደርስ ይነቅሉታል፣ በእጃቸው ከፍ አድርገው ፎቶ ይነሱበታል፣ አባቷን መሐል አድርገው «ተሞክሮህን አካፍለን» ይሉታል። አንዳንዴም ለስብሰባ ብለው ጭነውት ይሄዳሉ፤ አንድ ጊዜ በአጨዳ መሐል ወስደውት በስንት ጊዜው ነው የመለሱት። ሰውየው ስድብ አይወድም፣ እምቢ ማለትም አይሆንለትም። ስለዚህ መሸሽ ጀመረ። መንደሩም አወቀለት። ጥቁር ታርጋ ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ያየ ሁሉ፣ ሣር የተሸከመም ይሁን ውኃ የቀዳ፣ ቀድሞ ደርሶ «ቻግኒ ሄዷል» ይላል። መልክተኛ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እሱ በጓሮ ወጥቶ ግራሩ ውስጥ ይቀመጣል። ታርጋው ሌላ ቀለም ከሆነ ማንም አይነቃነቅም።

«ትናንት ስንት ጥቁር ታርጋ መጣ?» አልኳት።

«አንድ።»

«ታጥባ የምታበራ ፒክአፕ?»

ልጅቷ አፏን በጋውኗ ያዘች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፣ እኔም ሳቅኩ። ከአውቶቡስ የወረዱ መንገደኞች ዞር ብለው አዩን። እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን ብዙ አላስታውስም።

«አንቺ ሄደሽ ንገሪው» አልኳት።

«አይሆንም እማማ። ስልክ እንዳልደውል መንደሩ ኔትወርክ የለውም። ሄጄ ብነግረው ደግሞ 'ለራሷ መከራከር ጀመረች' ይላል። እሱ ከሽማግሌ አፍ ካልሰማ አይሰማም። እሁድ ለዳንግሎቹ ቃል ከሰጠ በኋላ ደግሞ ቢያርዱት ቃሉን አያጥፍም።»

የዚያን ዕለት ማታ ሦስቱን ሰበሰብኳቸው። የሆነውን ስነግራቸው ሽማግሌው መጀመሪያ አላመነኝም፤ ከዚያ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «እኔ የሸሸኝ መስሎኝ! ለካ መኪናዋን ነው የሸሸ!» አለ። ወንድሜ ግን ፊቱ አልተፈታም።

«መኪናዬ ምን አጠፋች?»

«ምንም» አለው ሽማግሌው። «ታርጋዋ ድንች ይወዳል እንጂ።»

ቅዳሜ እንዲሄዱ ተስማማን፤ ከእሁድ በፊት ያለችው ቀን እሷ ናት። ክርክሩ በምን ይሂዱ በሚለው ላይ ነበር። መምህሩ አማቹ ከአዲስ አበባ መጥቶ ስላለ የእሱን የግል መኪና ልለምን አለ።

«ሰማያዊ «አአ» በዘንገና?» አለ ሽማግሌው። «ሐይቁን ሊገዛ የመጣ ባለሀብት ነው ብሎ አገር ይሰበሰባል። እኛ ልጅ ስንጠይቅ እነሱ መሬት ሲከለክሉ እንዋላለን።»

ወንድሜ አይሱዙ የሚነዳ ጓደኛ እንዳለው ተናገረ።

«አረንጓዴ ካዩ የከሰል ነጋዴ መጣ ብለው ጆንያ ጆንያውን ያወጡልናል። አንተ ዋጋ ልትነጋገር ነው?»

«ብርቱካናማስ?» አልኩ እኔ፣ ለጨዋታ ያህል።

«ሕፃን ያዘለች ሁሉ ልትመዘገብ ትሰለፋለች።»

ቀዩን፣ ባጃጁን ማለቴ ነው፣ ሁላችንም በአንድ አፍ ተውነው። ዝናቡ በቅርብ ነበር የቆመው፣ የእግር መንገዱ ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ባጃጅ እዚያ ገብቶ ሽማግሌ ወርዶ ሲገፋ መታየት ነው።

ሽማግሌው ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። «ለምን እንደክማለን?» አለ። «የእኔ ፈረስ ታርጋ የላትም። ለእናንተ ከወንድሞቼ ሁለት እለምናለሁ።»

መምህሩ በልጅነቱ ስለጋለበ አልፈራም። ወንድሜ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«እታለም፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ጨብጬ ኑሬ አሁን ልጓም?»

«መሪም ልጓምም በእጅ ነው የሚያዝ» አልኩት።

«ፍሬኑስ የት ነው?»

«አንተ ውጣባት፣ ፍሬኑን እሷ ታውቃለች» አለው ሽማግሌው።

ቅዳሜ ማለዳ ከበረንዳዬ ፊት ሦስት ፈረስ ቆመ። ሽማግሌው የሱን ፈረስ ለክብረ በዓል እንደሚሸልማት ሸልሟታል፤ ግንባሯ ላይና ደረቷ ላይ ቀይ የሱፍ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ወንድሜን ሁለት ሰው ደግፎ አወጣው። አንድ ከባድ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ፈረሷ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም፤ እሱ ግን ጋማዋን አቀፋት። ልጄ ከሥራ ክፍሉ ወጥቶ አያቸው፤ በሳምንቱ ውስጥ መጀመሪያ ፈገግ ያለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ መልሶ ፊቱ ከበደው።

የሚቀጥለውን እኔ አልነበርኩም፤ ሦስቱም በየተራና ከአንድ ጊዜ በላይ ነግረውኛል። በእግር መንገዱ አፍ ላይ ያችው ሴት ተቀምጣ ነበር። ፈረሶቹን ስታይ ተነሣች። ከየት መጣችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ፣ ልጆቹስ እያለች ጠየቀቻቸው፤ ሳትጨርስ የፈረሱን ልጓም ይዛ እስከ በሩ መርታ አደረሰቻቸው። አባትየው ደጅ ላይ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ቀና ብሎ አያቸው፣ መጥረቢያውን አስቀመጠ፣ እጁን አልዘረጋም።

«ቁጭ በሉ» አለ በዝግታ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ሽማግሌው። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣን።»

«ባለፈው እሁድ ቀኑን ሙሉ ጠብቄያችሁ ነበር።»

«እኛም መጥተን ነበር።»

«እዚህ?»

«እዚያ ከመንገዱ አፍ። ቻግኒ ሄደዋል ተብለን ተመለስን።»

አባትየው ወደ ፈረሶቹ አየ። ከዚያ «በምን ነበር የመጣችሁ?» አለ።

«በመኪና።»

«ታርጋው ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ወደ ወንድሜ ጠቆመ። ወንድሜ ከፈረስ ወርዶ እግሮቹን ገጥሞ መቆም አቅቶት ነበር። «ጥቁር» አለ፣ እንደ ተከሰሰ ሰው።

መጀመሪያ የሳቀችው ከቤት ውስጥ የነበረችው እናትየዋ ናት። አባትየው ፊቱን ሊያኮሳትር ሞከረና አልቻለም። «እኔን በአዲስ ጋቢ ግራር ውስጥ ያስቀመጣችሁኝ እናንተ ናችሁ? ጉንዳን የበላኝ በእናንተ ነው?» አለ።

ከዚያም እንደ ወጉ አስቆማቸው፤ ገብቶ ከሚስቱና ከወንድሞቹ ጋር ተመካከረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ ቀጠሮ ነው የሚሰጠው፤ ሽማግሌውም ለዚያ ተዘጋጅቶ ነበር። አባትየው ወጥቶ «በወጉ ሌላ ቀን እሰጣችሁ ነበር» አለ። «ግን ደግሞ በምን እንደምትመጡ ስለማላውቅ ዛሬውኑ እንጨርሰው። ልጄን ሰጥቻለሁ። ለዳንግሎቹም ነገ በክብር እነግራቸዋለሁ። አሁን ተቀመጡ።»

ወንድሜ መቀመጥ እንዳልቻለና ጠላውን ቆሞ እንደጠጣ ሁለቱም መሰከሩ።

ፈረሶቹ ሲመለሱ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። ሽማግሌው ከሩቅ ጅራፉን ከፍ አደረገ። ልጄ ከኋላዬ መጥቶ እንደቆመ ያወቅሁት ሲተነፍስ ሰምቼ ነው። ደርሰው ሲወርዱ ሄዶ የሦስቱንም ፈረሶች ልጓም ተቀበለ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። እኔ ዘንገና የሄድኩት ለመልሱ፣ የልጅቷ ወላጆች በደገሱ ዕለት ነው። መንገዱ ደርቆ ስለነበር በባጃጅ ሄድን። ሽማግሌው ባጃጇን ካልሸለምኩ ብሎ የፈረሱን ቀይ ዘርፍ ሁሉ አምጥቶ ፊቷንም ኋላዋንም አልብሷት ነበር፤ ባለ ባጃጁ «መንገዱን ልይ እንጂ አባባ» እያለ ነው የነዳን። ወንድሜ በእግሩ ከኋላ ይከተል ነበር፤ መኪናዋን መሥሪያ ቤት ትቷታል፣ ፈረስም አልቀርብም፣ በባጃጅም አልታጨቅም ብሏል።

ስንደርስ የደጁ ሰው እልል አለ። እኔ ልወርድ እግሬን ሳወጣ አባትየው በእጁ ምልክት አስቆመኝ። ያችን አዲስ ጋቢ ነው የለበሰ። በትሩን ይዞ በባጃጇ ኋላ ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ በበትሩ ጫፍ ዘርፉን ገለጥ አድርጎ ታርጋውን አየ።

«ቀይ ነው» አለና ዘርፉን መልሶ ለቀቀው። «ይውረዱ እናቴ፣ ይግቡ። ጥቁር ቢሆን ኖሮ ቻግኒ ነበርኩ።»